የዓሣ ዘይት እንዴት ዱቄት ይሆናል?

የሕፃናት ወተት ጣሳ ቤታችሁ ካለ ጀርባውን አዙሩት። የይዘት ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ «የዓሣ ዘይት» የሚል ታገኛላችሁ። ጣሳው ውስጥ ያለው ግን ደረቅ ዱቄት ነው። እጅ አያወዛም፤ ዓሣ ዓሣም አይሸትም። ታዲያ ዘይቱ የት ገባ?

ኮላጅን ስለሚባለው የቆዳ ፕሮቲን ዱቄትም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። ለቆዳና ለፀጉር እየተባለ አዲስ አበባም፣ ዱባይም፣ ዋሽንግተንም ይሸጣል። ከፊሉ የሚሠራው ከዓሣ ቆዳና ቅርፊት ነው። የሽሪምፕ ጣዕም ያለው የኑድል ቅመም፣ በሙቅ ውኃ የሚበጠበጥ የዓሣ ሾርባ፣ ለስፖርተኛ የሚሸጥ የዓሣ ፕሮቲንም አሉ። እነዚህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፉት በአንድ ዓይነት ማሽን ነው። ስፕሬይ ድራየር ይባላል። እየረጨ የሚያደርቅ ማለት ነው።

ስለዚህ ማሽን ሁለት ተቃራኒ ነገር ሲባል እሰማለሁ። አንዱ ወገን «በ180 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ያለፈ ምግብ ምን ይተርፈዋል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «በዚያ ሙቀት ካለፈማ ንጹሕ ነው፣ አንድም ጀርም አይኖርበትም» ብሎ ይተማመናል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስህተቱን ለማየት ግን ማሽኑ ውስጥ ገብተን የአንዲት ጠብታን ጉዞ መከተል አለብን።

ማሽኑ ምን ያደርጋል?

ፈሳሽን ወደ ዱቄት ይቀይራል። «ፈሳሽ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ዓሣ እዚህ ማሽን ውስጥ አይገባም። ሽሪምፕም ተልጦ አይገባም። ቋንጣ የሚሠራ ማሽን አይደለም። መጀመሪያ ዓሣው ራሱ በሆነ መንገድ ወደ ፈሳሽ መለወጥ አለበት።

ለዶሮና ለዓሣ እርባታ መኖ የሚሆነው የዓሣ ዱቄትም ሌላ ነገር ነው። እሱ በብዛት የሚመረተው ፔሩ ውስጥ አንቾቬታ ከሚባል ትንሽ ዓሣ ነው። ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያም በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ደርቆ ይፈጫል። በእኛ ማሽን አያልፍም።

ስፕሬይ ድራየር ረጅም ማማ ነው። ታቹ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ጠበብ እያለ ይሄዳል። ከላይ ፈሳሹ በፓምፕ ይመጣና መርጫው ጋ ይደርሳል። መርጫው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንደኛው በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ዲስክ ነው፤ ፈሳሹን ወደ ዳር እየወረወረ ይበትነዋል። ሌላው ፈሳሹ በከፍተኛ ግፊት የሚተፋበት ቀጭን ቀዳዳ ነው። በሁለቱም መንገድ የሚወጣው ጭጋግ ነው። በዚያው ቅጽበት ከ160 እስከ 200 ዲግሪ የሞቀ አየር ይለቀቅበታል። ጠብታዋ ማማው ታች ሳትደርስ ውኃዋ ይተናል። ታች የሚደርሰው ዱቄት ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው።

እንዴት እንዲህ ይፈጥናል? ልብስ አጥባችሁ ጠቅልላችሁ ብታስቀምጡት በሁለት ቀንም አይደርቅም። ገመድ ላይ ብትዘረጉት ከሰዓት ይደርሳል። ልዩነቱ አየር የሚያገኘው ስፋት ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ስፋት ባላቸው ጠብታዎች ብትበትኑት የጠብታዎቹ ገጽ ሲደመር 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር ውኃ የአንድ መለስተኛ ኮንዶሚኒየም ወለል ያህል ተዘርግቶ ይሰጣል ማለት ነው። ጠብታዎቹ በግማሽ ቢያንሱ ስፋቱ 120 ይሆናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሳሙኤል ፐርሲ የተባለ አሜሪካዊ ፈሳሽን በትኖ የማድረቅን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። ሰፊ ሥራ ላይ የዋለው ግን በኋላ ነው፤ በተለይ ለዱቄት ወተትና ለዱቄት ሳሙና። ዛሬ የምንጠጣው የዱቄት ወተት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የባሕር ምግብ ፋብሪካዎች ቴክኖሎጂውን የወሰዱት ከወተቱ ሠፈር ነው።

በ180 ዲግሪ እንዴት አይቃጠልም?

መልሱ እናቶቻችን ጓዳ ውስጥ አለ። እንስራን አስቡት። ውጭው ሁልጊዜ ረጠብ ይላል። በሸክላው ቀዳዳዎች ወደ ውጭ የሚወጣው ውኃ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው ቀትር ላይ እንኳ የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘው።

ማማው ውስጥ ያለችው ጠብታም እንደ እንስራው ናት። አየሩ 180 ዲግሪ ቢሆንም፣ ውኃዋ እየተነነ እስካለ ድረስ የራሷ ሙቀት ከ40 እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። የሚመጣውን ሙቀት ሁሉ ትነቱ ይበላዋል። አደጋው የሚመጣው ውኃው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያኔ የሚያቀዘቅዛት ነገር የለም። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ አየሩም ቀዝቅዟል። 180 ሆኖ የገባው አየር ሲወጣ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ነው።

ስለዚህ አንድ ፋብሪካ «የምናደርቀው በ180 ነው» ሲል ምግቡ 180 ደርሷል ማለት አይደለም። ዋናው ቁጥር የመውጫው ሙቀት ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ባለሙያ ሙሉ ቀን ዓይኑን የሚተክልበትም ቁጥር ይኸው ነው። ከፍ ካለ ዱቄቱ ይጠቁራል፣ ይመርራል። ዝቅ ካለ እርጥበት ይቀርበትና ግድግዳው ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል።

ዓሣው እንዴት ነው ፈሳሽ የሚሆነው?

ሳልመንን ይዘን እንሂድ። ኖርዌይ በዓመት ወደ 1.5 ሚሊዮን ቶን ሳልመን ታረባለች፤ በዓለም የሚስተካከላት የለም። ሳልመን ፊሌቶ ሲወጣለት ጭንቅላቱ፣ የጀርባ አጥንቱ፣ ቆዳውና ቁርጥራጩ ይቀራል። አጥንቱ ላይ የተጣበቀው ሥጋ ቀላል አይደለም። በቢላ መፋቅ አያዋጣም። መጣል ደግሞ ያሳዝናል፤ ሰው የሚበላው ጥሩ ፕሮቲን ነው።

ስለዚህ ይህ ሁሉ ተፈጭቶ ሞቅ ያለ ውኃ ያለበት ትልቅ ጋን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ኢንዛይም ይጨመርበታል። ኢንዛይም ፕሮቲንን እንደ መቀስ የሚቆራርጥ ነገር ነው። ሆዳችን ውስጥም አለ። ፓፓያ ውስጥም አለ፤ ጠንካራ ሥጋ በፓፓያ ሲታሽ የሚለሰልሰው በእሱ ነው። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ላይ ኢንዛይሙ ሥጋውን ከአጥንቱ እያላቀቀ ያሟሟዋል። ይህ አቆራረጥ ሃይድሮሊሲስ ይባላል። ዕቃ ላይ «ሃይድሮላይዝድ» የሚል ካያችሁ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ የተቆራረጠ ፕሮቲን።

እዚህ ጊዜ መቁጠር ወሳኝ ነው። ኢንዛይሙ ብዙ ከቆየ ፕሮቲኑ ከመጠን በላይ ይቆራረጥና መራራ ይሆናል። ስለዚህ በቂ ነው ሲባል ጋኑ ወደ 90 ዲግሪ ይሞቃል፤ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል።

አሁን ጋኑ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ታች አጥንት፣ ላይ ዘይት፣ መሐል ፕሮቲን የሟሟበት ውኃ። በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር ሴንትሪፉጅ ይለያቸዋል። አጥንቱ ለካልሲየም ይሄዳል። ዘይቱ ለብቻው ይጣራል። ወደ ማማው የሚሄደው የመሐሉ ነው።

ግን ወዲያው አይሄድም። ከመቶ ኪሎ ፈሳሽ ውስጥ 10 ኪሎ ብቻ ደረቅ ነገር አለበት እንበል። የቀረው 90 ኪሎ ውኃ ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ለማትነን ብቻ ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይፈልጋል። ስፕሬይ ድራየር ደግሞ ሙቀት የሚያባክን ማሽን ነው፤ የሞቀውን አየር በጭስ ማውጫ ይለቀዋል። ሁሉንም ውኃ በእሱ ማትነን ኪሳራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሌላ ማሽን፣ አየሩ በተመጠጠበትና ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላበት ዕቃ ውስጥ፣ ፈሳሹ እንደ ቀጭን ማር እስኪሆን ይወፍራል። ያ ማሽን የአንዱን ክፍል እንፋሎት ሌላውን ክፍል ለማሞቅ ደግሞ ስለሚጠቀምበት በኃይል በጣም ይቆጥባል። 100 ኪሎው ወደ 25 ኪሎ ይወርዳል። ማማው ላይ የሚቀረው 14 ወይም 15 ኪሎ ውኃ ማባረር ነው። መጨረሻ ላይ 10 ኪሎ ተኩል ያህል ዱቄት ይገኛል።

ዱቄቱ ከአየሩ ጋር ተደባልቆ ይወጣና ሳይክሎን የሚባል ሾጣጣ ዕቃ ውስጥ ይገባል። አየሩ እዚያ እንደ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል። ከበድ የሚለው ዱቄት ዳር እየመታ ወደ ታች ይወርዳል፤ አየሩ በመሐል ወደ ላይ ያመልጣል። ያመለጠውን ደቃቅ ብናኝ የጨርቅ ማጣሪያ ይይዘዋል። ይህ ማጣሪያ ሥራው ዱቄት ማዳን ብቻ አይደለም። እንደ ዱቄት ያለ የደረቀ ብናኝ አየር ላይ በዝቶ ሲበተን አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ልታፈነዳው ትችላለች። ስለዚህ ሠራተኞቹ ብናኝን እንደ ነዳጅ ነው የሚጠነቀቁት።

ሌሎችም መነሻዎች አሉ። ታይላንድ የቆርቆሮ ቱና በመላክ በዓለም ቀዳሚ ናት። ቱናው ከመታሸጉ በፊት ይቀቀላል፤ የሚወጣው ጭማቂ በጣዕም የበለጸገ ነው። ድሮ እንደ ቆሻሻ የሚታየው ይህ ጭማቂ ዛሬ ተወፍሮና ደርቆ የሾርባ ቅመም ይሆናል። ጃፓን ውስጥ ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ጭማቂ በዱቄት ይሸጣል። የዓሣ ኮላጅንም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ከቆዳው በሙቅ ውኃ ይወጣል፣ በኢንዛይም ይቆራረጣል፣ ይረጫል።

ዘይቱስ?

ወደ ጣሳችን እንመለስ። የዓሣ ዘይት የሚፈለገው ኦሜጋ 3 ስለሚባለው ስብ ነው። በተለይ ዲኤችኤ የሚባለው ለሕፃናት አንጎልና ዓይን ዕድገት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕፃናት ወተት ውስጥ በየ100 ኪሎ ካሎሪው ከ20 እስከ 50 ሚሊግራም ዲኤችኤ እንዲኖር አስገድዷል። ምንጩ የዓሣ ዘይት ወይም የአልጌ ዘይት ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ኦሜጋ 3 አየር አይወድም። ኦክስጅን ሲነካው በቶሎ ይበላሻል፤ ያ መጥፎ የዓሣ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ መደበቅ አለበት።

ዘይቱ ፕሮቲንና ስታርች መሰል ነገር ከሟሟበት ውኃ ጋር በኃይል ይመታል። ወደ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ የሚጠጉ ነጥቦች እስኪሆን ድረስ ይሰባበራል። ከዚያ ይረጫል። ውኃው ሲተን ፕሮቲኑና ስታርቹ በእያንዳንዱ የዘይት ነጥብ ዙሪያ ይደርቃሉ። ድፎ ዳቦ ውስጥ የተበተነ ጥቁር አዝሙድ አስቡ። አንዷ የዱቄት ቅንጣት ድፎዋ ናት፤ የዘይት ነጥቦቹ አዝሙዱ ናቸው። ዳቦው ውስጥ ያለው አዝሙድ ተሸፍኗል። ላዩ ላይ የቀረው ግን ለአየር ተጋልጧል። ጥሩ አምራች ከመጥፎው የሚለየው ይህ ላይኛው ዘይት ስንት ነው በሚለው ነው። ዱቄቱ ቶሎ የሚሸተው በእሱ ነውና። ሁሉም የወተት ፋብሪካ የዘይት ዱቄት ገዝቶ አይቀላቅልም፤ ዘይቱን ከፈሳሹ ወተት ጋር ደባልቆ አንድ ላይ የሚረጭም አለ። መደበቂያው ግን ያው ነው።

የሚሸፍነው ነገር ምንድን ነው የሚለው ለእኛ አንባቢዎች ትልቅ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ኬዚኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን ነው። አንዳንዴ ጀላቲን ነው፤ ጀላቲን ደግሞ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ ሊመጣ ይችላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ። ነገር ግን «የዓሣ ብቻ ነው» ብላችሁ በጾም የምትወስዱት የኦሜጋ ዱቄት ውስጥ ወተት ሊኖር እንደሚችል እወቁ። ሙስሊም ወገኖቻችንም የጀላቲኑን ምንጭ ሳያጣሩ «ዓሣ ስለሆነ ሐላል ነው» ማለት የለባቸውም። ወተቱም ጀላቲኑም ብዙ ጊዜ ዕቃው ላይ በጥቃቅን ፊደል ይጻፋሉ።

ማልቶዴክስትሪን የሚል ቃልም ታገኛላችሁ። ከስታርች የሚሠራ፣ ብዙም የማይጣፍጥ ዱቄት ነው። የተቆራረጠ የዓሣ ፕሮቲን እርጥበት ይስባል፤ ክረምት ላይ ክዳኑ እንደተከፈተ ጨው ይቋጠራል። ማልቶዴክስትሪኑ ይህን ይከለክላል። ለዚህ ሲባል መጨመሩ ነውር የለውም። ግን ርካሽ ነው። የዓሣ ፕሮቲን ብላችሁ በገዛችሁት ዕቃ ላይ ማልቶዴክስትሪን ከፊት ተጽፎ ካያችሁ ከዓሣው ይልቅ ስታርቹን ነው የከፈላችሁበት። በብዙ አገር ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ትንሹ ነውና።

ደረቅ ከሆነ ንጹሕ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ እንዲነበብልኝ የምፈልገው ነው።

ጠብታዋ ብዙ እንደማትሞቅ አይተናል። ፕሮቲኑን ያዳነው ያ ቅዝቃዜ አንዳንድ ባክቴሪያንም ያድናል። ዱቄቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ውኃ ብቻ ስላለው ባክቴሪያ ሊራባበት አይችልም። መሞት ግን ሌላ ነገር ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ደረቅ ዱቄት ውስጥ ለወራት ተኝቶ ይቆይና ውኃ ሲያገኝ ይነሳል። ስለዚህ ጀርሙ መገደል ያለበት ቀድሞ ነው፤ ገና ፈሳሽ ሳለ በሚገባ በማሞቅ። ከማማው በኋላ ያለው ክፍልም እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ማሽኑ የሚያወጣው ውኃ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ይቀራል፣ ይጠነክራልም። በቅድሙ ስሌት 100 ኪሎ ፈሳሽ 10 ኪሎ ተኩል ዱቄት ሆኗል። በፈሳሹ ውስጥ የነበረ ፕሮቲን በኪሎ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ከፍ ብሏል። ክፉውም እንደዚያው።

ሂስታሚንን እንውሰድ። ቱናና ማኬሬል የመሰሉ ዓሦች ከተያዙ በኋላ በረዶ ሳያገኙ ከቆዩ ባክቴሪያ ሂስታሚን ይፈጥርባቸዋል። ሲበላ ፊት ይቀላል፣ ራስ ይመታል፣ ልብ ይመታል። ሂስታሚን በማብሰል አይጠፋም። በመርጨትም አይጠፋም። በሸርጣንና በኦይስተር ውስጥ ሊከማች የሚችል ካድሚየምም የብረታ ብረት ዓይነት ነው፤ ሙቀት ምን ያደርገዋል? ስለዚህ የዱቄቱ ጥራት የሚወሰነው ማማው ጋ አይደለም። ጀልባው ላይ ነው፤ ዓሣው በወጣ በስንት ሰዓት በረዶ ውስጥ ገባ በሚለው።

አለርጂም አይጠፋም። ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ሰውነቱ የማይቀበል ሰው ዱቄቱንም አይቀበልም። የሽሪምፕን አለርጂ የሚያስነሳው ፕሮቲን ሙቀት ይችላል። ሠራተኞችም ይጎዳሉ። ካናዳ ውስጥ ሸርጣን በሚቀቅሉ ፋብሪካዎች እንፋሎቱን እየተነፈሱ አስም የያዛቸው ብዙ ሠራተኞች ተመዝግበዋል። ደቃቅ ዱቄት ባለበት ቦታ ጭምብል የግድ ነው።

በበረዶ ማድረቅ አይሻልም ነበር?

ለጥራት አዎ። ዕቃው በረዶ ሆኖ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ውኃው ቀስ ብሎ ይወጣል፤ መዓዛውም ቅርጹም ይተርፋል። ግን አንድ ዙር አንድ ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ወጪውም ብዙ እጥፍ ነው። ሙሉ ሽሪምፕ ሲሆን ያዋጣል። በቶን ለሚሠራ ዱቄት ግን ማማው ያሸንፋል።

ሐዋሳ ላይ ቢተከልስ?

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የሄደ ሰው ይህን ይጠይቃል። ቆሮሶው ፊሌቶ ይወጣለታል፤ ከዓሣው ክብደት ሲሶ ገደማ ብቻ ነው ለምግብ የሚሄደው። ጭንቅላቱን፣ አጥንቱንና ሆድ ዕቃውን አባ ኮዳዎች ይሻሙበታል። እያየሁ የሚቆጨኝ ነገር ነው። ያ ሁሉ ፕሮቲን ነው።

ግን ስፕሬይ ድራየር እዚያ መጀመሪያ የሚተከል ማሽን አይመስለኝም። ማማው ሌት ተቀን ካልሠራ ያከስራል፤ ለማሞቅ ብቻ ብዙ ነዳጅ ይጨርሳል። የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል፣ በየቀኑ ብዙ ቶን ተረፈ ምርት ይፈልጋል። የዓሣ ገበያው ደግሞ በዐቢይ ጾም ይደምቃል፣ ሲፈታ ይቀዘቅዛል።

ቀለል ያለ መንገድ አለ። ተረፈ ምርቱን ፈጭቶ ፎርሚክ አሲድ ቀላቅሎ በተከደነ በርሜል ማስቀመጥ ነው። አሲዱ መበስበሱን ያቆመዋል። የዓሣው የራሱ ኢንዛይም ደግሞ በቀናት ውስጥ ፈሳሽ ያደርገዋል። ለዶሮና ለአሳማ መኖ ይሆናል። ኖርዌዮችም ተረፈ ምርታቸውን በዚህ መንገድ ለረጅም ጊዜ ሲያቆዩ ኖረዋል፤ ዛሬም ያደርጉታል። ማማው ለሰው የሚሆን ዱቄት ሲፈለግ የሚመጣ ነው። ለዚያ ደግሞ ጭንቅላቱና አጥንቱ መሬት ሳይነካ፣ በፊሌቶው ልክ በንጹሕ ሳጥንና በበረዶ መያዝ አለበት። ሐይቁ ዳር በመጀመሪያ የሚያስፈልገው እንግዲህ የበረዶ ማሽን ነው።